ከፍራሽ መጋዘን የተሠራች የማታ ክፍል፦ የብሎክ ማስታወሻ ከጎንደር

ጥቅምት መጀመሪያ

የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ብሎካችን ምድር ላይ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ አንድ ክፍል አለ። የሁለት ዶርም ስፋት አለው። ለዓመታት የተሰበረ አልጋና ያረጀ ፍራሽ ሲታጨቅበት ኖሯል። ዘንድሮ የብሎክ ተወካይ ሆኜ ስመረጥ መጀመሪያ የጠየቅኩት የዚህን ክፍል ቁልፍ ነው።

ፕሮክተራችን፣ የማደሪያው ተቆጣጣሪ፣ ገርሟቸው አዩኝ። «ምን ልትሠሪበት ነው የኔ ዓለም? አይጥ ነው ያለበት።»

«ማታ ማታ እንድንቀመጥበት ነው እትዬ።»

«ከጸዳ ጥሩ። ግን 3 ሰዓት ተኩል ሲል እዘጋዋለሁ። ወዲያ ወዲህ የለም።»

በዚሁ ተስማማን።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። የሴቶች ብሎክ ነው። በአንድ ክፍል ስድስት ሆነን ነው የምንኖረው። ተደራራቢ አልጋ፣ ሎከር፣ ከዚያ መቆሚያ ብቻ የሚሆን ወለል። ሲመሽ ያለው ምርጫ አልጋ ላይ መጋደም ወይ ኮሪደር ላይ መቆም ነው። ሪዲንግ ክላስ አለ፤ እሱ ግን የቸካዮች ነው፣ እዚያ ማስነጠስም ያስቆጣል። ፍሬሾቹ፣ የአንደኛ ዓመት ልጆች ማለት ነው፣ ከየአገሩ ተመድበው ይመጣሉ። ከዲላ፣ ከጅማ፣ ከጅግጅጋ፣ ከአሶሳ። የመጀመሪያውን ወር ስልካቸው ላይ ተደፍተው ያሳልፉታል። እናታቸው ጋ ይደውላሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ካርድ ይጨርሳሉ።

በየዓመቱ ማስታወቂያ መለጠፉ አይቀርም። «የልምድ ልውውጥ መድረክ»፣ «የክህሎት ማዳበሪያ ፕሮግራም»። ሰው ግን አይሄድም። ቀኑን ሙሉ ክላስ ተቀምጣ የዋለች ልጅ ማታ ደግሞ መድረክ ምን ያደርግላታል? የእኔ ሐሳብ ሌላ ነው። ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው ማታ ማታ ምን እንደሚያደርጉ ልይ፤ ከዚያ ሌላውን ነገር እሱ ላይ እንቀጥላለን።

ስለዚህ ደብተር ይዤ ኮሪደሩን ቃኘሁ። ውሃ መጠበቅ። ስልክ ቻርጅ ማድረግ። ቅዳሜ ፀጉር መሠራራት። ቡና። ዎርክሺት መለዋወጥ። መብራት ይጥፋ አይጥፋ ብሎ መጣላት። እቅዴ ይኸው ሆነ።

ጥቅምት አጋማሽ

የተሰበረ አልጋ ከክፍል ማውጣት ቀላል ይመስላል። አልጋው ግን የመንግሥት ንብረት ነው፤ ተሰብሮም ንብረት ነው። ያለ ወረቀት ንቅንቅ አይልም። ደብዳቤ፣ ፊርማ፣ ማኅተም፣ «ነገ ነይ»። በነጋታው ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። በመጨረሻ ፕሮክተራችን ራሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱና፣ እኔ ስመላለስበት የከረምኩትን ጉዳይ በአንድ ጠዋት ጨርሰውት መጡ። ምን እንዳሉ አልነገሩኝም።

ፍራሾቹ ሲወጡ ግድግዳው ታየ። ጥቁር ሻጋታ። የጎንደር ክረምት ቀልድ አያውቅም፤ ምድር ላይ ያለ ግድግዳ ውሃውን ጠጥቶ ነው መስከረምን የሚሻገረው። የአንዷ ልጅ አጎት ቀለም ቀቢ ናቸው። በስልክ ጠየቅናቸው። «እርጥብ ላይ እንዳትቀቡ፣ በወሩ ይላጣል» አሉን። በሽቦ ብሩሽ ፋቅነው፣ በረኪና በውሃ በጥብጠን አጠብነው። አንዲት የኬሚስትሪ ልጅ በረኪናው ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር እንዳይገናኝ ቆማ ትጠብቅ ነበር። መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፤ ሁለቱን ቀላቅላ ሽንት ቤት የምታጥብ ልጅ ካለች ይህን ትስማ። ከዚያ መስኮቱን ከፍተን ለጥቅምት ፀሐይ ተውነው። ሲደርቅ ነጭ ቀለም ቀባነው። ከየክፍሉ 50 ብር አዋጥተን ነው።

ጥቅምት መጨረሻ

የግቢው ኤሌክትሪሺያን መጥቶ አንድ ሶኬት አደሰልን። ዲቫይደር ገዛን። ስቶቭ መሰካት ክልክል ነው፣ ስልክና ላፕቶፕ ብቻ።

ማንንም አልጠራንም። ማስታወቂያም አልለጠፍንም። በሩን ከፍተን «ቻርጅ እዚህ አለ» ብለን ለሁለት ፍሬሾች ነገርን። በ2 ሰዓት ክፍሉ ጢም አለ። ስልክ 100 ፐርሰንት እስኪሞላ ልጅቷ የትም አትሄድም፤ ሌባ ትፈራለች። ትቀመጣለች። አጠገቧ ሌላዋ ተቀምጣለች። «ከየት ነሽ?» እዚያ ላይ ይጀመራል።

ቡናው ትንሽ አከራከረን። ከሰሉን ክፍሉ ውስጥ እናቀጣጥል ያሉ ነበሩ፤ ብርድ ስለሆነ መስኮቱም ይዘጋ ብለው። እዚህ ላይ ድርቅ አልኩ። በተዘጋ ክፍል የከሰል ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ሽታ ስለሌለው እንቅልፍ ይመስላል። ስለዚህ የሚፈላው ውጭ፣ በረንዳው ላይ ነው። የሚጠጣው ውስጥ። ጀበናዋን ይዛ የምትገባው ልጅ ዶርም ዶርሙን እያንኳኳች «ቡና ጠጡ» ትላለች። አገር ቤት ጎረቤት እንደሚጠራው ማለት ነው። ሳይጠሯት የማትመጣ ልጅ አለች፤ ለእሷ ይህ ያስፈልጋል።

ኅዳር

የክፍሏ ትልቁ ነገር ቅዳሜ ሆነ።

ቅዳሜ ልብስ ይታጠባል፣ ፀጉር ይታጠባል፣ ከሰዓት በኋላ ሹሩባ ይሠራል። ይህ ከእኛ በፊትም ነበር። እኛ ያደረግነው ከአልጋ ላይ ወደ ክፍሏ ማምጣት ብቻ ነው። አንዷ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ፣ ሠሪዋ ከኋላዋ ወንበር ላይ። ቀጭን ሹሩባ ሰዓታት ይፈጃል። ጭንቅላቷ የተያዘ ልጅ ስልክ እንኳ በደንብ ማየት አትችልም። ታዲያ ምን ታደርግ? ትሰማለች።

እዚያ ላይ ነው ንባቡን የጀመርነው። ፍሬሾች ሁሉ የሚወስዱት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ኮርስ አለ። ሞጁሉ ወፍራም ነው፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ ብቻሽን ስታነቢው እንቅልፍ ይዞሽ ይሄዳል። ክፍሏ ውስጥ አንዷ ጮክ ብላ አንድ አንቀጽ ታነባለች። ሌላዋ በአማርኛ ትተርከዋለች። ሠሪዋ ማበጠሪያዋን ወደ ላይ አንስታ «ቆይ ቆይ፣ እሱ የማን ልጅ ነው?» ትላለች። ስለ ነገሥታቱ የዘር ሐረግ እንደ ሠፈር ወሬ መከራከር ተጀመረ። ፋሲለደስ የሱስንዮስ ልጅ፣ ዮሐንስ የፋሲለደስ ልጅ፣ ኢያሱ የዮሐንስ ልጅ። አንዲት የዲላ ልጅ ሦስቱን ቅደም ተከተል በሦስት ጉንጉን እየቆጠረች ያዘችው።

ጎንደር ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት እንግዳ አይደለችም። በአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም የሚባለውን የማሕሌት ትምህርት ሊማሩ የሚመጡት የቆሎ ተማሪዎች የሚማሩት ከመምህሩ ብቻ አይደለም፤ ከበላያቸው ያለው ተማሪ የሚያውቀውን እየነገራቸው፣ እነሱም ለታናሹ እያቀበሉ ነው። የግቢ ሰዎች ይህን «ፒር ለርኒንግ» ብለው ሥልጠና ይሰጡበታል። አበል አለው መሰለኝ።

በዚያው ወር በሩ አጠገብ ሁለት ካርቶን አስቀመጥን። አንዱ የሞዴስ ነው። ያላት ትጨምራለች፣ የቸገራት ትወስዳለች፣ ማንም አይጠይቅም። ሁለተኛው የጥያቄ ነው። ስምሽን ሳትጽፊ ስለ ጤና የፈለግሽውን ጽፈሽ ትከቻለሽ። በሳምንቱ አንዲት የሚድዋይፈሪ ተማሪ መጥታ ትመልሳለች። በዚህ ረገድ ከተማችን ዕድለኛ ናት። የጤና ጥበቃ ኮሌጁ በ1940ዎቹ የተከፈተው ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒታሪያንን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ገጠር ለማውጣት ነበር። የጤና ተማሪ እዚህ በየመንገዱ ነው። የወር አበባ ሕመም፣ የጨጓራ፣ «ሌሊት ለምን ልቤ ይመታል» የሚል። የመጨረሻው ዓይነት ጥያቄ በዛ። ብዙዎቹ ከባዶ ሆድ በሚጠጣ ቡናና ከእንቅልፍ እጦት የሚመጡ ነበሩ፤ አንዷን ግን የሚድዋይፈሪዋ ልጅ ራሷ ይዛት ክሊኒክ ሄደች።

ታኅሣሥ

ጨዋታ ያስፈልግ ነበር። ካርታ አለ፤ ኮንከር ሁሌም አለ። እኔ ሌላ ነገር ፈለግሁ።

መጀመሪያ ገበጣ። ጣውላ ገዝተን አንድ አናጢ ጉድጓዶቹን ቦረቦሩልን። በብርጭቆ ወረቀት የፈተግነው እኛ ነን። ጠጠሩን በሽምብራ ተክተን ነበር። ሽምብራው በየቀኑ እየቀነሰ ሄደ። ማን እንደበላው ይታወቃል፤ ስም አልጠራም። ወደ ጠጠር ተመለስን።

በገበጣ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ብሎካችን ውስጥ ማየት የተሳናት አንዲት የሕግ ተማሪ አለች። ቻርጅ ልታደርግ ትመጣና ጥግ ላይ ትቀመጥ ነበር። አንድ ማታ «እስቲ ልንካው» አለች። ጣቷን ጉድጓዶቹ ላይ አንድ ጊዜ አሳለፈች። ጠጠሩን በሌባ ጣቷ ጫፍ እየነካች ትቆጥራለች፤ እኛ ዓይናችንን አፍጥጠን ከምንቆጥረው ትፈጥናለች። የተጋጣሚዋ እጅ ጠጠር ሲጥል ድምፁን ታዳምጣለች። «አራት ነው የጣልሽው፣ አምስተኛው እጅሽ ላይ ቀርቷል» ትላለች፣ ልክ ናት። አሁን ከእሷ ጋር ለመጫወት ወረፋ ነው። የፍትሐ ብሔር ኖት የሚያነብላት ሰው ፍለጋ ድሮ ትቸገር ነበር፤ አሁን የተሸነፈች ታነብላታለች።

ቀጥሎ ሰንጠረዥ። የፈረንጁን ቼዝ አይደለም የምለው፤ የእኛን። የጎንደር ሽማግሌ ሰው እንኳ ሲጫወት አላየሁም። ግን አንድ ጥሩ ነገር አለው፣ ርካሽ ነው። ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም። ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር መስመር ብቻ፣ ስምንት በስምንት። ቀዩን ጨርቅና ጥቁር ሪባን ከቅዳሜ ገበያ ገዛን። መስመሩን ሁለት ልጆች በእጅ ሰፉት። ጠጠሮቹ የለስላሳ ቆርኪ ናቸው፤ ውስጣቸው ነጭ ወረቀት ለጥፈን ስማቸውን ጻፍንበት። የአንዷ ወገን ቆርኪ ቀይ፣ የሌላዋ ቢጫ።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ አለ። ፈርዝ እንደ ቼዟ ንግሥት ሰሌዳውን አትፈነጭበትም፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ትራመዳለች። ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፣ መሐል ላይ ማን እንዳለ ግድ የለውም። የንጉሡ ትይዩ የባላጋራው ፈርዝ ነው፤ ንጉሥና ንጉሥ ፊት ለፊት አይተያዩም። ዋናው ጉድ ግን አጀማመሩ ነው። ወረራ ይባላል። ተራ የለም። የመጀመሪያው መበላላት እስኪመጣ ሁለቱም እንደፈለጉ፣ እንዳሻቸው ፍጥነት ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ። ከተበላላ በኋላ ነው ተራ በተራ የሚሆነው። አሸናፊነትም ደረጃ አለው፤ በፈረስ ጉልበት ያሸነፈ እምብዛም አይመሰገንም፣ በደካሞቹ ጠጠሮች ያሸነፈ ግን ይወደሳል።

ወረራው ክፍሏን አሳበደ። ሁለት ልጆች በአራት እጅ ቆርኪ ሲገፉ፣ ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ምክር ሲጮህ፣ «ፊልሽን! ፊልሽን አውጪው!» ሲባል። ቼዝ ትልቅ አእምሮ ላለው ሰው ነው ብለው የሚፈሩት ልጆች ይህን አልፈሩትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ ይወዱት እንደነበር አንዷ አንብባ ነገረችን። ከትግራይ የመጣችው ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትሸነፍ «ዛሬ ራስ አልመጡም» ትላለች።

ጫጫታው ግን ተሰማ። ከላይኛው ፎቅ ፈተና የደረሰባቸው ልጆች ወርደው ጮኹብን። እውነት አላቸው። ክፍሏን ለሁለት ከፈልናት፦ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ጨዋታ፣ ከዚያ እስከ መዝጊያ ጥናት።

ጥር

የፈተና ወር ስለሆነ ሰንጠረዡ ተጠቅልሎ ሎከር ገባ።

ከጥናቱ ሁሉ የሠራልን ሎጂክ ነው። የፍሬሽማን ሎጂክ ኮርስ ላይ ፋላሲ የሚባሉ የአስተሳሰብ ግድፈቶች አሉ፤ ፍሬሽ ሁሉ ስማቸውን ሸምድዳ ትገባለች፣ ፈተና ላይ ይደባለቁባታል። እኛ የፋላሲ ደብተር ከፈትን። ብሎኩ ውስጥ የተሰማ ጭቅጭቅ ይጻፋል፣ ከዚያ የየትኛው ፋላሲ እንደሆነ ይፈረድበታል። «እሷ ራሷ ሌሊት በስልክ ስታወራ ታድራለች፣ መብራት ይጥፋ ብትል ማን ይሰማታል» — ይህ ሰውየውን እንጂ ሐሳቡን ያልነካ ነው፣ አድ ሆሚኔም። «ዛሬ መስኮት ከተከፈተ ነገ በሩ ይከፈታል፣ ከነገ ወዲያ ሌባ ይገባል» — ስሊፐሪ ስሎፕ። «ሁሉም ዶርም ውሃ እየደበቀ ነው፣ እኛስ ለምን አንደብቅ» — የብዙኃንን መንገድ መከተል። ጥሩ የሆነው፣ ተጣይዎቹ ራሳቸው ጥላቸውን እያመጡ ማስመዝገብ መጀመራቸው ነው። ሁለት የማይነጋገሩ የክፍል ጓደኞች ጭቅጭቃቸው ስንት ፋላሲ እንዳለው ለማወቅ አብረው መጡ። ሁለቱም ነበረባቸው። ሲስቁ አየናቸው።

ጥምቀት ደረሰ። ከተራ ዕለት፣ ጥር 10፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ለማየት ከደጅ እስከ ደጅ ሰው ነው። የጎንደር ልጆች ተካፍለን እያንዳንዳችን የሩቅ አገር ልጆችን ይዘን ወጣን። ክርስቲያኗም ሙስሊሟም መጣች፣ ለማየት። ውሃው ከቀሃ ወንዝ ተስቦ እንደሚሞላ ስነግራቸው የአሶሳዋ ልጅ «እና እኛ ጋ ለምን አይመጣም?» አለች። ልክ ናት። የብሎካችን ቧንቧ በዚያ ሳምንት ደርቆ ነበር። የኢትዮጵያ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ገብቷል፤ እኛ ግን እግራችንን አሞን በ1 ሰዓት ገባን።

ከፈተና በኋላ ደግሞ ፋሲል ግቢ ሄድን። የሹሩባው ንባብ ወደ እግር ጉዞ ተለወጠ ማለት ነው። ሞጁሉን ያነበበችው ልጅ ናት ያስጎበኘችው። ፋሲለደስ ከተማዋን የመሠረተው በ1628 ዓ.ም. ነው፤ ግቢው በዩኔስኮ የተመዘገበው በ1972። እኔ ስንት ጊዜ በአጥሩ ሥር አልፌያለሁ፣ እንደዚያ ቀን አላየሁትም። የአፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አለ። ከእሱ ብዙም ሳይርቅ የአፄ ዳዊት የዘፈን አዳራሽ። የአንበሳ ቤት አለ፣ የፈረስ ጋጥ አለ። የላይኛው ፎቅ ልጆችም አብረውን ነበሩ፤ አንዷ ቤተ መጻሕፍቱንና አዳራሹን ተራ በተራ አየችና «እነዚህም ስለ ድምፅ ተጣልተው መሆን አለበት» አለች።

የካቲት

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። የማታው ሰዓት ተቀየረ። ሙስሊሞቹ ፀሐይ ስትጠልቅ ያፈጥራሉ፤ የእኛዎቹ ካፌ የጾም ወጥ በልተው ይመጣሉ። ክፍሏ ውስጥ ተምር ከአንድ ወገን፣ ቆሎ ከሌላው ወገን ቀረበ። ቡናው ወደ ማምሻው ዞረ። ማንም ይህን ፕሮግራም ብሎ አልሰየመውም፤ ስም ቢወጣለት ደግሞ ንግግር የሚያደርግ ሰው ይመጣ ነበር።

የቋንቋውም ነገር እንዲሁ በራሱ ነው የመጣው። በጀሪካን ውሃ ስንጠብቅ መጀመሪያ ያየችው ልጅ «ውሃ!» የሚለውን በአፏ በመጣው ቋንቋ ትጮኻለች። ቢሻን! ማይ! ቢዮ! አንዷ ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፋ ሁሉንም ጻፈች። ሌላዋ ከሥሩ «እባክሽ»ን፣ «ተርቤያለሁ»ን፣ «ወረፋዬን አትውሰጂ»ን ጨመረች። አሁን አምስት ወረቀት ሞልቷል። የአፋን ኦሮሞዋ ልጅ ማክሰኞ ማክሰኞ አጠራር ታርማለች፤ ጥብቅ ናት፣ ቤት ሥራ ትሰጣለች።

መጋቢት

ከእኔ በኋላ የሚይዙት ሁለት የሁለተኛ ዓመት ልጆች ናቸው። የማስረክባቸውን ጽፌ ሰጠኋቸው። የዲቫይደሩ አንድ ቀዳዳ ላልቷል፣ ብልጭ ስለሚል በፕላስተር ታሽጓል፣ እንዳይከፈት። ቀዩ ጨርቅ ቀለሙን ይለቃል፤ ከነጭ ልብስ ጋር እንዳይታጠብ። የሞዴሱ ካርቶን በወሩ መጨረሻ ባዶ ይሆናል፣ ያኔ ነው መሙላት። የላይኛው ፎቅ ልጆች ሲቆጡ ክርክር የለም፣ ጨዋታው ይቆማል። ማስታወቂያ አትለጥፉ።

ከጎረቤት ብሎክ ተወካይ መጥታ ነበር። እነሱም ምድር ላይ ባዶ ክፍል አላቸው። በጀት ስንት እንደፈጀ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፣ አላመነችም። ሰንጠረዡን ለመስፋት የፊታችን ቅዳሜ ልጆቿን ይዛ ትመጣለች። ጨርቁ ከእኛ ተርፏል፤ ሪባንና ቆርኪ ይዘው ይምጡ ብያቸዋለሁ።